አሮጌ ኮምፒውተር ካገኛችሁ ገና አትሰኩት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሳሎኔ ጥግ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ሦስቱም ይሠራሉ። ባለፈው ወር አራተኛ ተጨመረ። ይሄኛው የጎረቤቴ ነው። ድሮ አራት ኪሎ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ ነበራቸው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ወደዚህ ሲመጡ ማሽኑንም ጭነው መጡ። ዳንቴል አልብሰው ቡፌው ጎን አስቀመጡት። እዚያው ዓመታት ተቀመጠ።

አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ የድሮው ሰፈራችን የዕድር ደንብ እዚህ ውስጥ አለ። ወረቀቱ ጠፍቷል። እስቲ አብራልኝ» አሉኝ።

«አበራዋለሁ እትዬ። ግን ዛሬ አይደለም» አልኳቸው።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን እስከ በራበት ቀን ያለው መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ ይከፈታል። ቀጥሎ በውስጡ ያለው ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ የሚበራው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ብዙ ማሽንና ብዙ ፋይል የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው።

የትኛውን ማሽን ልያዝ?

ለጀማሪ የምመክረው ፔንቲየም 2 ወይም ፔንቲየም 3 የሚባል ፕሮሰሰር ያለውን ማሽን ነው። ፔንቲየም 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997፣ ፔንቲየም 3 ደግሞ በ1999 ነው። እነዚህ ማሽኖች ከዶስ (ትዕዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት የድሮ ሲስተም) እስከ ዊንዶውስ 98 ያለውን ሁሉ ያለ ችግር ያስኬዳሉ። ዊንዶውስ 2000ንም ይችላሉ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለው ባትሪ ዛሬም ሱቅ የሚገኘው ክብ ድንጋይ ነው። ፓወር ሰፕላያቸው (ኤሌክትሪኩን ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) አብዛኛውን ጊዜ ኤቲኤክስ የሚባለው ስለሆነ ሲበላሽ ምትክ አይጠፋም።

ከፔንቲየም በፊት የነበሩት 386 እና 486 ያምራሉ። እኔም አንድ 486 አለኝ፣ በጣም እወደዋለሁ። ግን የመጀመሪያ ማሽናችሁ አይሁን። ባትሪያቸው ይፈስሳል፣ ዕቃቸው ብርቅ ነው። ፔንቲየም 4 ደግሞ በየቦታው ሞልቷል፤ ግን ለዊንዶውስ 95 ከልክ በላይ ፈጣን ነው። ዊንዶውስ 95 ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ በሆነ ፕሮሰሰር ላይ ማስተካከያ ካልተጫነለት ሲነሳ ይወድቃል።

ስትገዙ ሳጥኑ ጎን ወይም ጀርባ ላይ የዊንዶውስ ስቲከር መኖሩን እዩ። የመጫኛ ቁልፉ እዚያ ላይ ነው የተጻፈው። ስቲከሩ ያልተላጠ ማሽን ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ውሰዱት።

የት ይገኛል?

መርካቶ ምናለሽ ተራ አንዱ ነው። ግን በእኔ ልምድ ጥሩ ጥሩው ዕቃ የሚገኘው እዚያ ሳይደርስ ነው። ሰፈር ውስጥ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩትን ልጆች ተዋወቋቸው። ስልካችሁን ስጧቸው። ኮምፒውተር ሲያገኙ ለመዳቡ ብለው ሳይሰብሩት እንዲደውሉላችሁ ንገሯቸው። እነሱ በኪሎ ነው የሚያስቡት፤ ከኪሎው ዋጋ ከፍ አድርጋችሁ ከከፈላችሁ ደስ ብሏቸው ያመጡላችኋል። ሌላው መንገድ ጨረታ ነው። መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ዕቃዎችን ሲያስወግዱ ማስታወቂያው አዲስ ዘመን እና ሪፖርተር ላይ ይወጣል። ችግሩ በጅምላ መሸጡ ነው። ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ መግዛት ይቻላል። ከሁሉም በፊት ግን ዘመድ ቤት ጠይቁ። አልጋ ሥር ኮምፒውተር ያለው ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ላሳስብ። ሻጩ «እንደሚሠራ ላሳይህ» ብሎ ሊሰካው ይፈልጋል። እንዳይሰካው ለምኑት። «እንዳለ እወስደዋለሁ» በሉት። ዋጋውም ይቀንስላችኋል።

ወፍራሙን ሞኒተር ስትሸከሙ መስታወቱን ወደ ደረታችሁ አድርጉ። ክብደቱ ያለው በመስታወቱ በኩል ነው። ባለ 17 ኢንቹ ከ15 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። እኛ ሕንፃ ሊፍት የለም፤ በየፎቁ እያረፍኩ ነው ያወጣሁት። ውስጡን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ሳትሰኩ ክፈቱ

የሚያስፈልጋችሁ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ ላጲስ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና ቴስተር ነው። አልኮሉ ባለ 90 ፐርሰንቱ ቢሆን ይመረጣል። ባለ 70ው ውኃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ካቻቢቴውን ከማንሳታችሁ በፊት የሳጥኑን ጀርባ ተመልከቱ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 115 ወይም 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሊኖር ይችላል። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ 230 ላይ መሆን አለበት። የመጀመሪያዬ ማሽን ከአሜሪካ የመጣ ነበር። ማብሪያው 115 ላይ መሆኑን ሳላይ ሰካሁት። እንደ ርችት ጮኸ። ቤቱ በተቃጠለ ሽታ ተሞላ። 115 ላይ ሲሆን ፓወር ሰፕላዩ የገባለትን ቮልት በእጥፍ ያሳድጋል፤ 220 ሲገባለት ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ይፈነዳሉ። ያን ማሽን አሁንም አዝንለታለሁ።

ሳጥኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ ባትሪውን ፈልጉ። ክብ ሳንቲም የሚመስል ከሆነ ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ድንጋይ ነው። አውጡና በአዲስ ቀይሩት። የእትዬ ማሽን ይኸው ነበር፤ በአንድ ደቂቃ አለቀ።

386 ወይም 486 ከሆነ ግን በርሜል የሚመስል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሰ ባትሪ ታገኛላችሁ። ምናለሽ ተራ ያገኘሁት 486 ላይ ይህ ባትሪ ፈስሶ ነበር። ዙሪያው አረንጓዴ ቅርፊት ይዟል። ቅርፊቱ ከባትሪው ተነስቶ የኪቦርዱ መሰኪያ ድረስ ደርሷል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ጨው ተፈረፈረ። ይህ ብረት የሚበላ አልካሊ ነው። ቀጫጭኖቹን የመዳብ መስመሮች ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል። እንዲህ ያለውን ስታዩ ባትሪውን ቆርጣችሁ አውጡ። የጆሮ ጥጥ አቼቶ ውስጥ ነክራችሁ የተበላውን ቦታ ጥረጉ። አቼቶ አሲድ ስለሆነ አልካሊውን ያረክሰዋል። ትንሽ አረፋ ቢወጣ አትደንግጡ። ከዚያ በአልኮል ደጋግማችሁ አጽዱና አንድ ቀን ሙሉ አድርቁት። ባትሪው ገና ያልፈሰሰ ቢሆንም አውጡት። መፍሰሱ አይቀርም።

ቀጥሎ ካፓሲተሮቹን እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙ ትንንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉት ናቸው። አናታቸው ዝርግ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጠበ ካለ አታብሩት። በተለይ ከ1999 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ቦርዶች ላይ ጥራት የሌላቸው ካፓሲተሮች በብዛት ገብተው ነበር። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ በቀላሉ ይቀይራቸዋል። ቮልቱና ማይክሮፋራዱ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል።

አቧራውን በብሩሽ አራግፉ። እኛ አካባቢ በበጋ ነፋሱ ደቃቅ አፈር ያመጣል፤ ስንጥቅ አይቶ አያልፍም። ፋኑን በጣት ይዛችሁ አጽዱት፣ አይሽከርከር። የሚንጫጫ ፋን ካለ ስቲከሩን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣሉበት። ራሙን (የሜሞሪ ካርዱን) ነቅላችሁ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ፈግፍጉትና ፍርፋሪውን አራግፉ። «ሞቷል» የተባሉ ስንት ኮምፒውተሮች በዚህች ላጲስ ብቻ ተነስተዋል! ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን የሳጥኑን ብረት ያዝ አድርጉ። ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወርድ ነው።

ኤሌክትሪኩ

መብራት የሚሄድበትና የሚመጣበት ሰፈር ነው ያለነው። ሲመለስ ቮልቱ ይዘላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር የግድ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ከተገኘ የተሻለ ነው። ሲስተም እየተጫነ መብራት ከሄደ ሥራው ከአንድ ነው የሚጀምረው።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ሞክሩ። ከማዘርቦርዱ ንቀሉት። አንድ የማያስፈልጋችሁ ሲዲ ድራይቭ ሰኩበት፤ ያለ ምንም ጭነት መሞከር አይመከርም። ኤቲኤክስ ከሆነ በትልቁ መሰኪያ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት ማያዣ ሽቦ አገናኙት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ፋኑ ይነሳል። በቴስተር ለኩ፤ ቀዩ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት መስጠት አለባቸው። ከ5 ፐርሰንት በላይ ካፈነገጠ አትጠቀሙበት። በዚያ ዘመን አንዳንድ ብራንድ ማሽኖች የሽቦውን አደራደር ለራሳቸው ቀይረውታል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ከመቀየራችሁ በፊት ቀለማቱን ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።

የቆዩት ማሽኖች ኤቲ የሚባለው አላቸው። ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰኩት ሁለት ገመዶች ናቸው። ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሀል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ከተገላበጠ ቦርዱ ይቃጠላል። የፊት ለፊቱ ማብሪያም 220 ቮልቱን በቀጥታ ነው የሚያስተላልፈው። ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ወደ ማብሪያው ጀርባ እጅ አትስደዱ።

አሁን በጥቂቱ አብሩት። ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነፋኑ፣ አንድ ራም፣ የስክሪን ካርድ፣ በቃ። ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ይቆይ። አንድ አጭር «ጢጥ» ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ተደጋጋሚ ጩኸት ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ራሙን ነው። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ የስክሪን ካርዱን ነቅላችሁ መልሱ።

ሃርድ ዲስኩን ቅዱ፣ ከዚያ አስነሱት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆየ ሃርድ ዲስክ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ማንም አያውቅም። አንዴ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያቺን አንዷን ዊንዶውስ ሲነሳ ለማየት አታባክኗት። ለቅጂ አውሏት።

ከአይዲኢ (የድሮ ሃርድ ዲስክ መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር፣ የራሱ ፓወር ያለው ገመድ ያስፈልጋል። የዲስኩን ጃምፐር (ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ መሰኪያ) ማስተር የሚለው ላይ አድርጉ። ሊኑክስ የሚባለው ነጻ ሲስተም ካለው ላፕቶፕ ጋር አገናኙት። ዲዲሬስኪው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ አንድ ፋይል ይገለብጠዋል። መጥፎ ቦታ ሲያጋጥመው ዘሎ ያልፍና በኋላ ይመለስበታል። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሞከራችሁ «ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በፍጹም እሺ እንዳትሉ። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረ ወዲያው አጥፉት። የፋይሉን ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

የእትዬ ዲስክ 4 ጊጋባይት ነበር። ዛሬ አንዲት ፍላሽ ላይ ስንት ጊዜ ይገባል! ቅጂው ሲያልቅ አንድም የተበላሸ ቦታ አልነበረም። ያን ቀን እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት።

በጨረታ በተገዛ ማሽን ውስጥ የሰው ፋይል ይኖራል። የደመወዝ ዝርዝር አይቻለሁ፣ የግል ደብዳቤ አይቻለሁ። ባለቤቱ የሚገኝ ከሆነ መልሱለት፤ ካልሆነ አጥፉት። የሰው ጉዳይ አይነበብም።

ዊንዶውስ 98ን መጫን

ዋናውን ዲስክ አውጥታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉና አስቀምጡት። በምትኩ ሲኤፍ ካርድ ተጠቀሙ። ድሮ ትልልቅ ካሜራዎች ላይ ይገባ የነበረው ካርድ ነው፤ የቆዩ ፎቶ ቤቶችን ብትጠይቁ ይኖራቸዋል። በትንሽ አስማሚ አይዲኢ ገመድ ላይ ይሰካል፣ ማሽኑም ሃርድ ዲስክ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም። መጠኑ 8 ጊጋባይት ይበቃል። የቆዩ ባዮሶች (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሱት፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) ከ8.4 ጊጋባይት በላይ አያዩም። ራሙንም ከ512 ሜጋባይት በታች አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዊንዶውስ 98 «ሜሞሪ አነሰኝ» ብሎ ላይነሳ ይችላል። ለእኔ 256 ተስማምቶኛል።

ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እኛ 2000 ዓ.ም.ን የተቀበልነው ፈረንጆቹ 2007 ላይ ሳሉ ነው። የጽሕፈት ሥራ ላይ የነበሩ ኮምፒውተሮች ሰዓታቸው በእኛ ዓመት ተሞልቶ ሊገኝ ይችላል፤ የፋይል ቀን ስታነቡ ይህን አስቡ።

ከዚያ ማሽኑን በማስነሻው ፍሎፒ አስነሱት፣ ከነሲዲ ድጋፉ። ኤፍዲስክ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፉ። ለትልቅ ዲስክ ድጋፍ ይፈቀድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ በሉት። ዋና ክፍል ፍጠሩና ማሽኑን እንደገና አስነሱ። ሲ ድራይቭን ፎርማት አድርጉ። አሁን ብዙ ሰው በቀጥታ ከሲዲው ይጭናል። እናንተ አታድርጉት። ሲዲው ላይ ያለውን ዊን98 የሚል ፎልደር ሙሉውን ወደ ሲ ድራይቭ ገልብጡና ሴታፑን ከዚያ ጀምሩ። ዊንዶውስ 98 አዲስ ዕቃ ባየ ቁጥር ሲዲውን ይጠይቃል። ፎልደሩ እዚያው ካለ ጭቅጭቁ ያበቃል።

ሲጨርስ ድራይቨሮችን (ዕቃዎቹን የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) በቅደም ተከተል ጫኑ፤ የማዘርቦርዱን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ከዚያ የድምፁን። ሰከንድ ኤዲሽን የሚባለውን፣ የ1999ኙን (እ.ኤ.አ.) ምረጡ። ኢንተርኔት ላይ አትሰኩት። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው በሐምሌ 2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፋይል ማዘዋወር ስትፈልጉ ሲኤፍ ካርዱን ነቅላችሁ ላፕቶፕ ላይ አንብቡት።

ዶስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ፍሪዶስ አለ። ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እየተሠራ ያለ ነው፣ 1.3 የሚባለው እትሙ በ2022 ወጥቷል። ለ386 እና ለ486 እሱን እመርጣለሁ።

አማርኛውን ማውጣት

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ አማርኛ የሚጻፈው በየራሱ ዘዴ ነበር። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዋሸራ፤ የጽሕፈት ሥራ የሠራ ሰው እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋል። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7 ብቻ 231 ነው። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን በተለያዩ ፎንቶች ከፋፈለው፣ ሌላው ከቁርጥራጭ ገጣጠመው። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ክምር ነው የሚታየው።

ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ከቀዳችሁት ዲስክ ውስጥ ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ሥር ያለውን የፎንቶች ፎልደር ፈልጉ። የአማርኛ ፎንቶቹ እዚያ አሉ። ከሰነዱ ጋር አብራችሁ አስቀምጧቸው። ፎንት የሌለው የድሮ ሰነድ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን ነው።

ቀጥሎ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ መልኩን ያዙ። ዊንዶውስ 98 ላይ የፖስትስክሪፕት (የኅትመት ቋንቋ ነው) ፕሪንተር ድራይቨር ጫኑ፣ መውጫውን ወደ ፋይል አድርጉ፣ ሰነዱን «አትሙ»። የሚወጣው ፋይል ሊኑክስ ላይ ጎስትስክሪፕት በሚባለው ፕሮግራም ፒዲኤፍ ይሆናል። አማርኛው ልክ ያኔ በወረቀት እንደሚወጣው ሆኖ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ለውጡትና ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያያችሁ በዓይን አንብቡት። ቷ፣ ሏ፣ ቋ የመሳሰሉት ላይ ስህተት አይጠፋም። የግዕዝ ቁጥሮችን በተለይ ተጠንቀቁ።

የዕድሩን ደንብ ያወጣሁት እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ገጽ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሲመጣ እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና የመጀመሪያውን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡት። ሁለተኛው ላይ ዝም አሉ። ከፈራሚዎቹ ስም አንዱ የባለቤታቸው ነበር።

ፍሎፒዎች

እትዬ ጠቅልለው የሰጡኝ ፍሎፒም ነበር። ፍሎፒ ሲመጣ መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ግፉ። ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም፤ የምንፈልገው ይህንን ነው። ብረቱን ገለጥ አድርጋችሁ ሳህኑን በብርሃን እዩት። ነጫጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው። ድራይቩ ውስጥ አታስገቡት፤ የማንበቢያውን ጭንቅላት ያበላሽና ቀጥሎ የሚገባውንም ይፍቃል። ንጹሑን ዩኤስቢ ባለው ፍሎፒ ድራይቭ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሰፊው ባለ 5.25 ኢንች ከሆነ ግን የራሱ አሮጌ ድራይቭና አሮጌ ማሽን ይፈልጋል። ሁሉንም ልክ እንደ ሃርድ ዲስኩ ሙሉ ቅጂ አድርጓቸው፤ ፋይሉን ብቻ መርጣችሁ አትገልብጡ። በላያቸው በእስክሪብቶ የተጻፈውንም ፎቶ አንሱት።

ቦታ ለሌለው

ጠባብ ቤት ያለው ሰው ማሽኑን ላያስቀምጥ ይችላል። የቀዳችሁትን የዲስክ ፋይል 86ቦክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ማስነሳት ይቻላል። የድሮ ኮምፒውተርን ከነባዮሱ ያስመስላል። ለዶስ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ዶስቦክስ ይቀላል። እኔ ለእትዬ ላፕቶፓቸው ላይ 86ቦክስ ጫንኩላቸው። አሁን የራሳቸው ዊንዶውስ፣ ከነድሮው የግድግዳ ሥዕሉ፣ በአንድ መስኮት ውስጥ ይከፈትላቸዋል።

ክረምት ሲገባ

መጨረሻ የሚቀረው አቀማመጥ ነው። ከወለል ከፍ አድርጉት፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርጉት፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በሐምሌ ይረጥባል። ፕላስቲክ አታልብሱት፣ እርጥበት ያፍናል። ዳንቴልና ነጠላ ይሻላል፣ አየር ያስገባል፣ ማሽኑ ሲበራ ግን ይነሳ። መብረቅ ሲጀምር ከሶኬት ንቀሉት፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት አብሩት፣ ሙቀቱ እርጥበቱን ያወጣለታል። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ወረቀት በፕላስተር ለጥፉ። ባትሪው የተቀየረበትን ቀን፣ የራሙን መጠን፣ የተጫነውን ሲስተምና የዲስኩ ቅጂ የት እንዳለ ጻፉባት። ከእናንተ በኋላ የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ይሁን።